አሜን አልልም

ወንድሜ ፊሊጶስ ኦቲዝም አለበት። ቃሉን የሰማነው በፈረንጆቹ 1993 ሲያትል ከገባን በኋላ ነው፤ አገር ቤት ሰው ሁሉ "ለክፎት ነው" ነበር የሚለው። ፊሊጶስ ቤልቪው አንድ ሆቴል ውስጥ ፎጣ ያጥፋል። ደስ ሲለው እጆቹን ያርገበግባል፤ የሰማውን የመጨረሻ ቃል ደግሞ መልሶ ይናገራል። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር መኝታ ቤት ታስገባዋለች።

"ሠርቶ የሚያድር ሰው ምን አድርጎ ነው የሚደበቀው?" አልኳትና እሁድ ቤተክርስቲያን ይዤው ሄድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እትዬ ባየሽ ትከሻውን ይዘው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ውይ የኔ ልጅ! እግዜር ይማርህ!"

በወጉ መሠረት "አሜን" ማለት የኔ ድርሻ ነው። ስንት ዓመት ብያለሁ! ያን ቀን ግን እምቢ አልኩ።

"አልታመመም እኮ እትዬ። ነገ ጠዋት ሺፍት አለው።"

"ቢሆንም" አሉ፣ ወደ እሱ ዞረው፤ "እግዜር ይማርህ።"

ፊሊጶስ እንደ ልማዱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ መለሰላቸው፦ "እግዜር ይማርህ።"

"አሜን!" አልኩ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ።