ሁለተኛው ፊልተር

የመርሳው ባለወፍጮ ኡበይደላ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት የሚወድ ሰው ነው። አይፈረድበትም። ባለፈው ዓመት ጦርነቱ መርሳ ሲገባ፣ ጭድ ሥር የቀበረውን ናፍጣ ወታደሮቹ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ራሳቸው እንደቀበሩት ሁሉ በቀጥታ ሄደው አወጡት። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቀም። ስላላወቀም መርሳን በሙሉ ጠረጠረ፤ ጎረቤቱን፣ እህል አስፈጪዎቹን፣ የገዛ አማቹን ሳይቀር። ሚስቱ ከድጃ «የኔ ተራስ መቼ ነው?» እያለች ትተርበዋለች፤ እሱ ግን አይስቅም።

የማይጠረጥራቸው ስድስት ዓሦቹን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የወፍጮ ጩኸት ሲያደነቁረው ይውልና ቤቱ ሲገባ፣ ወንድሙ ከደሴ ያመጣለት የመስታወት ገንዳ ፊት ይቀመጣል። ገንዳው ውስጥ ውሃ የምታጠራ አንዲት ትንሽ ፊልተር አለች። ዓሣ አፉን ይከፍታል እንጂ ነገር አያመላልስ፤ ኡበይደላን ደስ የሚለውም ይኸው ነው።

በ2014 ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ፣ የቆቦ ሰው በአስፋልቱ ወደ መርሳ ጎረፈ። ተፈናቃይ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ኡበይደላ ቤት የደረሰው ፈንታው የሚባል አናጢ ነው። ሌላው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ሲመጣ፣ ይኼ ሰውዬ በአንድ እጁ ሦስት ዓሣ ያለበት ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዕቃ አንጠልጥሎ ከች አለ።

«ጋሼ፣ ዓሣ ያለበት ቤት ሲሉኝ ጊዜ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት» አለ። «እነዚህን ከእርስዎዎቹ ጋር ይጨምሩልኝ። ዘጠኝ ሲሆኑ ግን አንድ ፊልተር አይችላቸውም፣ ውሃው ይበላሻል። ይኼን የኔንም እንሰካው።»

ኡበይደላ ዓሦቹን ገንዳው ውስጥ ጨመራቸው። ጥቁሩን ዕቃ ግን «እሱ ይቆይ» አለ።

ከጥይት የሚሸሽ ሰው ዓሣ ይዞ ይሸሻል? አለ በልቡ። ስንቅ የለው፣ ቅያሪ ልብስ የለው! ደግሞስ ዓሣ እንዳለኝ ማን ነገረው? በየመንገዱ «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» እየተባለ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ያ ዕቃ መብራት ላይ ከተሰካ በኋላ ምኑን ለማን እንደሚያስተላልፍ ማን ያውቃል?

«ጠይቀዋ» አለችው ከድጃ።

«ነውር አይደለም እንዴ? እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ምን አመጣህ፣ ምን ይዘሃል አይባልም። አባቴም አድርጎት አያውቅ።»

«መጠየቁ ነውር ከሆነ፣ ሰውዬው ሊታጠብ ሲወጣ ዕቃውን ማገላበጡስ ምን ሊባል ነው?»

ኡበይደላ ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳውን በወጉ አስተናገደው። በእጁ እያጎረሰ፣ ዓይኑ ግን ከሽቦው አይነቀልም። በሁለተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር።

«ጋሼ፣ ታፈኑኮ! እባክዎ እንሰካው» ይላል ፈንታው። በለመነው ቁጥር የኡበይደላ ጥርጣሬ ይብሳል። «ነገ» ይለዋል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኡበይደላ የእንግዳ ወጉን የጨረሰ መሰለው። ዕቃውን በጋቢው ጠቅልሎ ለሠፈሩ ጥበቃ ለካሳሁን ወስዶ ሰጠው። ብዙም አልቆየ፣ ፈንታውን አምጥተው ሰው መሐል አቆሙት።

«ሰው ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ ዓሣ ምን ያደርግለታል?» አለው ካሳሁን።

«የልጄ ናቸው። እናቷ ቀድማ ወደ ደሴ ይዛት ስትወጣ፣ ‹ዓሦቼን ጥለሃቸው እንዳትመጣ› ብላ አስምላኛለች።»

ኡበይደላ ክው አለ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳው ነገር መልሱ ይህችው ነበረች። ቢጠይቀው ኖሮ ማዕድ ላይ በነገረው ነበር።

«ዋስ አለህ?»

«ጋሽ ኡበይደላ አሉልኝ። ሦስት ቀን አብልተውኛል።»

ሰው ሁሉ ወደ ኡበይደላ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያች ክፉ ልቡ፣ ተዘጋጅቶበት የመጣ ወሬ ቢሆንስ አለችው። ነገ ጉድ ቢወጣ ከእሱ ጋር ልትጠፋ ነው?

«እኔ ስሙን እንጂ ሰውዬውን አላውቀውም» አለ።

ፈንታውን ማንነቱ እስኪረጋገጥ ተብሎ ወደ ደሴ በሚሄድ መኪና ጫኑት።

ከሰዓት በኋላ ካሳሁን ዕቃውን ፈታው። ስፖንጅና ትንሽ ጭቃ ነበረበት፣ ሌላ ምንም። ኡበይደላ ተቀብሎ ቤቱ ወሰደና ሰካው። በማግስቱ ውሃው ጠርቶ የዓሦቹ ቅርፊት ሳይቀር ይታይ ነበር። እሱ ግን ገንዳው ፊት መቀመጥ አቃተው። አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ደሴ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አጣው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ፈንታው ተለቆ ራሱ መጣ። ከስቷል። ጀሪካን ይዞ ከአጥሩ በር ውጭ ቆመ።

«ግባ እንጂ ልጄ።»

«አልገባም፤ መኪና እየጠበቀኝ ነው።» መኪና የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ከድጃ እንጀራ ይዛ ብትወጣ «በልቻለሁ» አላት።

«በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለ ኡበይደላ።

«እግዜር ይቅር ይበል።»

ኡበይደላ ሦስቱን ዓሦች በጀሪካኑ አውጥቶ ሰጠው፤ ፊልተሩንም ሽቦውን ጠምጥሞ። ከዚያ ተመልሶ ገባና የራሱን ፊልተር ነቅሎ አመጣለት። ሌላ የሚክሰው ነገር አልታየውም።

ፈንታው አስቀድሞ የራሱን ከፈተው። ስፖንጁን አንስቶ ከሥሩ አየ፣ ወደ ብርሃን አዙሮም ተመለከተ። ቀጥሎ የኡበይደላን ፊልተር በጣቱ ጫፍ ያዘና ቀና ብሎ አየው። ኡበይደላ ያን አስተያየት ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ላይ ያሳረፈው የራሱ ዓይን ነው።

«ይኼን ደግሞ ለምንድን ነው የሚሰጡኝ?»

«ስጦታ ነው፣ ልጄ።»

ፈንታው አላመነውም። የኡበይደላን ፊልተር በሩ ሥር አስቀምጦ፣ ጀሪካኑንና የራሱን ዕቃ አንስቶ ሄደ።