የኤርብራሽ ጎጆ

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ ቤቴ ስገባ አውቶቡስ እቀባለሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች ይህን ከሰሙ ወዲህ መሳቂያ አድርገውኛል፤ ዳቦ ጋጋሪ በዕረፍቱ ለጨዋታ ዳቦ ይጋግራል ወይ ይሉኛል። ይሳቁ። የእኔዎቹ አውቶቡሶች ከመዳፌ አይበልጡም፤ ድሮ ኢየሩሳሌም ውስጥ ይመላለሱ የነበሩት የቀዮቹ አምሳያ ናቸው። ደግሞም ውስጣቸው ተቀምጦ ለምን ዘገየህ ብሎ የሚጮህብኝ ሰው የለም።

ቀለሙን የምነፋው በኤርብራሽ ነው። ኤርብራሽ እንደ ብዕር የሚያዝ ትንሽ መርጫ ነው፤ በቱቦ ከአየር መጭመቂያ ጋር ይገናኛል፣ በሆዱ ቀጭን መርፌ አለው፣ አፉ ደግሞ የመርፌዋን ጫፍ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ናት። መቀባቱ ደስታ ነው፤ ፈተናው ማጽዳቱ ላይ ነው። ዕቃውን የምገዛው ኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ካለች ጠባብ ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ ቁጡ ሽማግሌ ነው። የውሃ ቀለም ከሆነ በራሱ ማጠቢያ እጠበው፣ እጣቢውን ክዳን ወዳለው ማሰሮ ንፋው እንጂ ወደ አየር አትልቀቀው ብሎኛል። ቲነር የሚያስፈልገው ቀለሙ ውስጡ ከደረቀ ብቻ ነው፤ እሱንም ደጅ ወጥተህ፣ ጓንት አድርገህ፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል አጥልቀህ፣ ከእሳት ርቀህ። አንድ ቀን የቲነሩን ቆርቆሮ ይዤ እዚያው መንገድ ላይ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥላ ሥር ቆሜ ሳለ፣ አንዲት መነኩሴ ሲያልፉ ሽታው ደረሳቸውና ምን ይዘህ ነው የመጣኸው፣ ጋራዥ ነው እንዴ አሉኝ። አዎ ጋራዥ ነው አልኳቸው። ሳቁና መርቀውኝ ሄዱ።

የምሠራው ጊሎ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ማማድ ውስጥ ነበር። ማማድ ሚሳይል ሲመጣ የምንሸሸግበት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩም መስኮቱም ብረት የሆነ ክፍል ነው። በደህናው ቀን መስኮቱን ከፍቼ ማራገቢያ እደቅንበት ነበር። ያ ክፍል የኔ መንግሥት ነበር፣ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እስኪመጡ ድረስ።

አማቴ ኔቬ ያዕቆብ በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሳይረን ሲጮህ ጉልበታቸው ደረጃውን አያወርዳቸውምና አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የመጣው ይምጣ ይላሉ። ባለቤቴ ይህን ካወቀች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ተቆጥታ አመጣቻቸው። አልጋቸው ማማዱ ውስጥ ተዘረጋ። ጠረጴዛዬን ላወጣ ስል አይነካ ብለው በልጃቸው በኩል ላኩብኝ፤ እኔም ጠረጴዛውን ትቼ ሥራውን ወደ በረንዳ አወጣሁት። የባለቤቴ ጭንቀት አንድ ነበር፤ እናቷ ሸክም ሆንኩ ብለው ወደዚያ አልጋ እንዳይመለሱ።

በልጃቸው በኩል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እንደኛ ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል አማትና አማች እንዴት እንደሚተፋፈሩ ያውቃል። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ጀምሮ እኔና አማቴ ፊት ለፊት ተነጋግረን አናውቅም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ልጃቸውን ባልሽ በላ ወይ ይሏታል። ባለቤቴ ከሌለች ደግሞ ለግድግዳው ይናገራሉ። ሻይ ፈልቷል ይሉታል፤ እኔም ግድግዳውን አመሰግናለሁ። ስለ አውቶቡሶቼ ያላቸው አስተያየት እንኳ የደረሰኝ በባለቤቴ አፍ ነው፤ ባልሽን መንገዱ አልበቃውም ብለዋል አሉ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ አማቴ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያሉ። በረንዳ ላይ ቀይ ቀለም እየነፋሁ ሳለ ወጨፎው መጣብኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ እስክገባ ቀለሙ ደርቆ መርፌው ተነክሶ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ማማድ ገባሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ማራገቢያውን አስነሳሁ፣ ጓንትና ጭምብሌን አጥልቄ ቲነሩን ቀዳሁ። መርፌውን እንደምንም ከኋላው ስቤ አውጥቼ፣ ጫፉ እንዳይጣመም ቀስ ብዬ እየጠረግሁ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ።

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። የብረት መስኮቱን ዘጋሁ፣ የብረት በሩን ቆለፍኩ፣ ቲነሩን ከደንኩት። ግን በቲነር የረጠበው ጨርቅ ክፍሉን አጥኖታል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በሩን ብከፍት ሚሳይል፣ ብዘጋው ቲነር። አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይስሉ ጀመር። ጭምብል ያለው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ፊት ላይ ነው። አወለቅሁት።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ያጥልቁ» አልኳቸው።

ማሰሪያውን በሻሻቸው ላይ አጠበቅሁላቸው። በዘር ማንዘራችን የአማቱን ራስ የነካ የመጀመሪያው አማች እኔ ሳልሆን አልቀርም። አማቴ ከሁለቱ ክብ ማጣሪያዎች በላይ ትክ ብለው አዩኝ።

«እርስዎስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ጨርቁን ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፣ አፌን በሸሚዜ ሸፈንኩ፣ አደጋው አልፏል፣ ውጡ የሚል መልእክት በስልክ እስኪደርሰን ድረስ ዓይኔ እያነባ ቆምኩ። በሩን ስከፍት እንደዚያ ቀን አየር ጣፍጦኝ አያውቅም።

ባለቤቴ ስትመለስ እናቷን ሻንጣ ሲያዘጋጁ አገኘቻቸው። ስለ ሽታው አንድ ቃል አላነሱም። ሰው ከሥራው አፈናቅዬ አልቀመጥም፣ ነገ ወደ ቤቴ አድርሱኝ ነው ያሉት። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ፤ ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል። እኔም ጀግና ልሁን ብዬ ኤርብራሹንም መጭመቂያውንም በካርቶን ከትቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት፣ ለሰው ልሰጠው ነው አልኩ። ባሰ። አማቴ ካርቶኑን ሲያዩ ይኸው የእጁን ሥራ አስጣልኩት ብለው ሻንጣውን ዘጉት። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ይነድፈዋል ይባላል፤ እኔን ሁለቱንም በአንድ ቀን ነደፈኝ።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ፣ ልቤ ተሰብሮ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ካርቶኑ ዝናብ ነክቶት በስብሷል። አማቴ ለጉዞ ለብሰው በሩ ላይ ደረሱ። ወደ ቤታቸው ካደረስኳቸው ባለቤቴ ዳግመኛ እንደማትተኛ አውቃለሁ፤ እኔም እንደማልተኛ ያን ጊዜ ገባኝ። በቃ፣ ሐፍረቱን ዋጥኩት።

«እሜቴ፣ ይህን የቀለም ዕቃዬን እርስዎ የት ባጥበው ይሻላል ይላሉ?» አልኳቸው።

ልማድ ሆኖባቸው መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን። በከዘራቸው በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር መረመሩት። የጎረቤት ልብስ ወዴት እንደሚውለበለብ አይተው ነፋሱን ለዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው።

«እኛ ሴቶቹ የወር አበባችን ሲመጣ ከቤት ወጥተን የመርገም ጎጆ እንገባ ነበር» አሉኝ። «ከመንደሩ ዳር፣ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረባት። ምግባችንን ከድንጋዩ ወዲያ ያስቀምጡልናል እንጂ የሚነካን የለም። እናንተ ወንዶቹ እቤት ትንፈላሰሱ ነበር። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ውጣ።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መግቢያ አጣሁ፤ እየሳቅሁም አፍሬአለሁ፣ እያፈርኩም ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ በረንዳችን ለሁለት ተከፍሏል። አማቴ የአበባ ማሰሮዎቹን በረድፍ አስደርድረው፣ ቲነርም ሆነ የቀለም ጨርቅ ከማሰሮዎቹ ወዲህ አይሻገርም ብለው ደነገጉ። ከዘነበ መቀባት የለም። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እኔ ጭምብሌን አጥልቄ እጣቢውን ወደ ባለ ክዳኑ ማሰሮ ስነፋ እሳቸው በሩን ዘግተው በመስታወቱ ይጠብቁኛል። ስጨርስ ሻዬን ይዘው ይወጡና ከአበባ ማሰሮዎቹ ማዶ ያስቀምጡታል፤ እጄን ግን አይነኩም። ታጠብ፣ ልብስህን ለውጥ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትገባለህ ይሉኛል። ባለሱቁም ስለ መታጠቡና ስለ ልብሱ ነግሮኝ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ግን አላሳቀኝም።

ያን ዕለት ጠዋት አማቴ ስቀው ሲያበቁ የበሰበሰውን ካርቶን በከዘራቸው ገፋ አድርገው ወደ ማማድ ተመለሱ። ልብሳቸውን አልጋው ላይ ገልብጠው ሻንጣቸውን ባዶውን እየጎተቱ አመጡልኝ፤ ዕቃህን በዚህ አድርግ፣ ይህ ዝናብ አያስገባም አሉኝ። ሻንጣው አሁንም በረንዳው ጥግ ቆሟል፣ በመጭመቂያውና በቀይ ቀለም ጠርሙሶች ተሞልቶ። የቲነር ሽታ ገብቶበታልና ከእንግዲህ የጉዞ ልብስ አይከተትበትም።