የአባባ መቋሚያ ልክ

እንጨት ሥራ የጀመርኩት በንዴት ነው። ቤቴል ያለው ቤታችን እንደገባን የወጥ ቤት መደርደሪያ ያዘዝነው አናጢ ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰንና በመጨረሻ ስልክ ማንሳትም ተወ። እኔ ደግሞ ስናደድ እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየር ጤና ሄጄ መጋዝ፣ መዶሻና ሚስማር ገዛሁ፤ ከሠፈሩ ጋራዦች ጀርባ ከተጣለ የዕቃ ሳጥን ላይ ጣውላ ነቃቅዬ አመጣሁና መደርደሪያውን ራሴ ሠራሁት። ትንሽ ያዘነብላል፤ ሳህኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ። ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ማቆም አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የምውል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን በረንዳው የእኔ ነው። ጭልፋ ሠራሁ፣ ማንኪያ ሠራሁ፣ በርጩማ ሠራሁ። ከዋንዛ ጉማጅ ገበቴ ፈለፈልኩ፤ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር አፉ ድረስ ተሰነጠቀ፤ ደረቅ ፈልጌ ሌላ ፈለፈልኩ። ርግብ ቀርጬ ለባለቤቴ ባሳየው አገላብጦ አየና፣ ዶሮዋ ታምራለች አለኝ። ጎረቤቶቼ አናጢዋ ይሉኛል። ለማሾፍ የሚሉኝ አሉ፤ የወንበር እግር ሲሰበርባቸው ግን እነሱም ያንኑ ስም በትህትና ነው የሚጠሩት።

እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ሁሉ ቢበላሽ የሚጎዳው እንጨቱ ብቻ ነበር። መቋሚያው ግን እንደዚያ አልነበረም።

አባቴ ኮልፌ፣ እኔ ባደግኩበት ቤት ነው የሚኖሩት። ባለቤቴን አግብቼ ወደ ጴንጤዎቹ ከሄድኩ ወዲህ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። አልረገሙኝም፣ አልጮኹብኝም። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ሰላምታዬን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፣ እስክሄድም አይመለሱም። እናቴም እሳቸውን ትታ ወደ እኔ መምጣት አልሆነላትም። ቢቆጡኝ አፍ አለኝ፣ እመልስ ነበር። ዝምታ ግን ምን ተብሎ ይመለስለታል?

አንድ ቀን እናቴ ደወለች። አባባ እሑድ ቅዳሴ መሀል ወድቀዋል። ብብታቸው ሥር አድርገው የሚደገፉበት የመቋሚያቸው ራስ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በሽቦ ጠፍረውት ነበርና ሽቦው ለቀቀ። ሰው ደርሶ ባይዛቸው ጭንቅላታቸውን ይመቱ ነበር። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ተቀምጠው ያስቀድሱ ቢባሉ ደግሞ አይሰሙም። አዲስ እንግዛልህ ብትላቸው፣ የሱቁ ሸንበቆ ነው ብለው እንቢ አሉ። እያለቀሰች ነበር የምታወራኝ። ስልኩን ስዘጋ ወስኜ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግረው፣ "ቢመልሱልሽስ?" አለኝ።

እሱኑ ነበር የፈራሁት። መቋሚያውን ከመለሱት የመለሱት እንጨት አይደለም፤ እኔን ነው። ከዚያ በኋላ የእናቴን በር በምን ፊቴ አንኳኳለሁ? ቢሆንም እሳቸው ዳግም ሲወድቁ በስልክ መስማት ደግሞ የባሰ ነው። ከእኛው ጸሎት ቤት የምትመጣ አንዲት ጎረቤቴ በረንዳው ላይ አይታኝ፣ ይሄ የእነሱ ዕቃ አይደለም ወይ አለችኝ። እንጨቱ እስካሁን የየትም አባል አልሆነም አልኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

እንጨቱ ወይራ ነው። የባለቤቴ አክስት ለውሻ ማባረሪያ ይሆነዋል ብለው ከወልቂጤ ያመጡለት፣ ጭስ ላይ ከርሞ የደረቀ ረጅም ዘንግ። ወይራ ልበ ደንዳና ነው፤ መላጊያዬን አደነዘዘው፣ መዳፌን አቁስሎ ክሊኒክ ውስጥ ከታካሚ ደም ስቀዳ ጓንቱ እንዲያቃጥለኝ አደረገ። የመጀመሪያውን ራስ ቀርጬ ልጨርስ ስል ክንፉ ተገነጠለ፤ የእንጨቱን ጅማት አግድም ይዤው ኖሯል። ወረወርኩት፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሁለተኛውን በጅማቱ ተከትዬ ቀረጽኩት። የዘንጉን ጫፍ አቅጥኜ ራሱ ላይ በቦረቦርኩት ቀዳዳ አጥብቄ አስገባሁት፤ ሚስማር አልነካውም። ገላውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቅቤ አሸሁት። ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም።

የቸገረኝ ቁመቱ ነበር። አባባን ቁሙ ልለካዎት ማለት የማይታሰብ ነው። ግን ከኮረዳነቴ ጀምሮ ቁመትሽ የአባትሽ ሲሉኝ ነው የኖርኩት፤ ጎን ለጎን ስንቆም ትከሻችን እኩል ነው። ስለዚህ በረንዳው ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩና በራሴ ብብት ለካሁት።

በታክሲ ይዤው ስሄድ ረዳቱ ዱላው በመስኮት ይውጣ ወይስ አንቺ ትውጪ እያለ እስከ ጦር ኃይሎች አሾፈብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ልኩን እነግረው ነበር፤ ያን ቀን ግን መቋሚያውን አጥብቄ ያዝኩ። ኮልፌ ስደርስ አባባ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ለእናቴ ሰጥቼ ልሄድ እችል ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

ተቀበሉኝ። ዘንጉን በጣታቸው አንኳኩ፣ ራሱን ጨብጠው ወዘወዙ፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው መሬቱ ላይ ቆሙና ብብታቸው ሥር አስገቡት። ትከሻቸው ወደ ላይ ተሰቀለ።

"ረዘመ" አሉ። ዝቅ ብለው እግሬን አዩ። "ጫማ አድርገሽ ነው የለካሽው?"

አዎ፣ ጫማ አድርጌ ነበር። ያን ወፍራም ሶል ያለውን የሥራ ጫማዬን። ቅዳሴ የሚቆመው ጫማ ተወልቆ ነው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በእጃቸው ተይዤ፣ ጫማዬን ደጀ ሰላሙ ላይ እያወለቅኩ የገባሁ ልጃቸው አውቀዋለሁ። የማውቀው ነገር ከእግሬ ጠፍቶ ነበር። ብዙ ዓመት በጫማዬ ስጸልይ ኖሬ፣ ስለካም ጫማ ማውለቅ አልታወሰኝም። አባባ ይህን ሁሉ ከአንድ መቋሚያ አነበቡት። ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ወደ ጓሮ ሄዱ።

ቤቴ ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በራሴም በእሳቸውም። ለጫማ ሶል ብለው ይህን ሁሉ ድካም መጣላቸው ነው? ባለቤቴ አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል፣ ተይው አለኝ። እሑድ እናቴ ስትደውል አባባ ያንኑ በሽቦ የታሰረውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን ነገረችኝ። ይህን ስሰማ ቆረጥኩ፤ ቅዳሜ ሜትሬንና መጋዜን ይዤ ሄጄ፣ ጓሮም ቢገቡ ጓሮ ተከትያቸው ገብቼ እለካቸዋለሁ። ቢያባርሩኝም ለክቼ ነው የምባረረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት የውጭው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባባ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያውን ይዘው። ቤቴን ማን እንዳሳያቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ሰላምታ ተሰጣጥተን ሳንጨርስ መጋዝሽ የት አለ አሉኝ።

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ፈቱ። ካልሲያቸውን አውልቀው ጫማው ውስጥ ከተቱ። ባዶ እግራቸውን ፍቅፋቂ በሞላው ሲሚንቶ ላይ አቁመው ቀጥ አሉ። ጣቶቻቸው አብጠዋል፤ እንዲህ ማርጀታቸውን አላወቅኩም ነበር።

"አሁን ለኪ" አሉኝ።

ተንበርክኬ የሜትሩን ጫፍ ተረከዛቸው አጠገብ ያዝኩና እስከ ብብታቸው ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ከግርጌው ምልክት አድርጌ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካከልኩና ሰጠኋቸው። ብብታቸው ሥር አስገብተው ክብደታቸውን ጣሉበት። ትከሻቸው ቦታው ላይ አረፈ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደዚያው ቆዩ። እኔም መጋዜን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ባለቤቴ ከውስጥ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ይግቡ አላቸው። ጤንነቱን ጠየቁት፤ መግባቱን ግን ዛሬ አይደለም አሉ። ደረጃው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ካልሲያቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

"ነገ ቅዳሴ ላይ አየዋለሁ። ካልተስማማኝ መልሼ አመጣዋለሁ" አሉ።

"ቢስማማዎትስ?" አልኩ።

የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ያን ጊዜ እናትሽን ይዣት እመጣለሁ። የእሷንም መቋሚያ በባዶ እግሯ ትለኪላታለሽ።"