ከመንገድ የሚታይ ቤት

ስሙኝማ፣ እኛ አገር ቤት ከመንገድ አይታይም። ከሶዶ ተነስታችሁ ጉኑኖ ሳትደርሱ ከሚኒባስ ብትወርዱ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ በቀዩ አፈር መንገድ ብትገቡ፣ የምታዩት እንሰት ብቻ ነው። ቤቱ ከእንሰቱ ኋላ ነው። የሰው ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ውሻ ይጮህባችኋል፣ ደጃፉ ላይ ስትቆሙ ነው ቤቱ ብቅ የሚለው። ከመንገድ ከታየ የዚያ ቤት ሰው እንሰቱን ጨርሷል ማለት ነው፤ አለቀለት። ልጅ ሆኜ እንዲህ ባለ ቤት በኩል ስናልፍ እናቴ ለቅሶ ቤት እንደሚታለፍ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

እንሰቱ የእናቴ ነበር። አባታችን በሕይወት እያለም የእሷ ነበር። እሱ በበቆሎው ያዛል፣ በከብቱ ያዛል፣ እንሰቱ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። እናቴ ግንዱን በእጇ ዳበስ አድርጋ ገና ነው ካለች ገና ነው። ትንሿ ችግኝ ከቦታ ቦታ እየተዛወረች፣ ፍግ እየለበሰች ለቆጮ እስክትደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ መቸኮል የሚባል ነገር የለም። ዝናብ በቀረበት ዓመት ሁምቦ ያለችው አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ በቆሎዋ ቆሞ ደርቆባት ልጆቿን ይዛ መጣች። እናቴ ቆጮው ተቀብሮ የሚብላላበትን ጉድጓድ ከፍታ እያወጣች እነሱንም እኛንም እስከ መኸር አደረሰችን። እኛ ልጆቹ ሰለቸን ብለን ስናጉረመርም፣ እንሰት የሌለበት ቤት ወስጄ አንድ ቀን ባሳደርኳችሁ አለች። ከዚያ በኋላ አፋችንን ዘግተን በላን።

ታናሽ ወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ የእናቴ የዓይኗ ብሌን። ሶዶ ሄዶ ኮሌጅ ተማረ፣ ዲፕሎማ ያዘ፤ ዲፕሎማው ግን ሥራ አላመጣለትም። በዚያ ዘመን ወጣቱ ሁሉ ተደራጅ ይባል ነበር። ተደራጀ፣ ኮብልስቶን ጠረበ፣ ማኅበሩ ፈረሰ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ መዋል ሲመረው ወደ እናቴ ቤት ተመለሰ። በግ ሸጦም ተች ስልክ ገዛ።

ወንድሜ የሚከተለውን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ስልክ ነው። እኔ ሶዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እናቴን ልጠይቅ ስመጣ ወንድሜ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። ሰውየው ፌስቡክ ላይ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና ተደግፎ፣ የሚሰሙትን ሁሉ “አንበሶቼ” ይላቸዋል። ድሃ ያደረጋችሁ አስተሳሰባችሁ ነው ይላል። በራችሁ ላይ ቁሙ፣ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፣ በዚህ ወር ብር ያላመጣላችሁ ነገር ሁሉ የሞተ ሀብት ነው፤ ሽጣችሁ አእምሯችሁ ላይ አፍስሱት ይላል። አእምሮ ላይ ማፍሰስ ማለት እንግዲህ የእሱን ሥልጠና መግዛት ነው። ደረጃ አንድ አለ፣ ደረጃ ሁለት አለ፣ ሦስተኛውን የጨረሰ ደግሞ ራሱ አሠልጣኝ ይሆናል። ሰውየው ብዙ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን አብሮት አይስቅም።

ወንድሜን ጠየቅሁት። ይህ ሰው ብር የሚገኝበትን መንገድ እንዲህ ካወቀው፣ የአንተ ቢጤ ሥራ ፈት የሚከፍለው ብር ምን ያደርግለታል አልኩት። ቢቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣም፣ ፈገግ ብሎ አየኝ።

“ይህን እንደምትዪ ነግሮናል” አለኝ። “መጀመሪያ የሚስቅባችሁ የገዛ ቤታችሁ ሰው ነው ብሎናል።”

ከዚያ ወዲያ እኔ በተቃወምኩ ቁጥር ሰውየው እውነተኛ ሆነ። ብጮህ አስቀድሞ ተናግሯል፣ ባለቅስ አስቀድሞ ተናግሯል፣ ዝም ብል ደግሞ አመነች እባላለሁ። አፌን አስቀድሞ የቀማኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜ እንደታዘዘው በሩ ላይ ቆመ፣ ዙሪያውን ተመለከተ። ዙሪያው እንሰት ነው። የጓሮውንና የጎኑን ለነጋዴዎች ሸጠ፤ ቆንጨራ ይዘው መጡ። እናቴ አትቁረጡ አላለችም። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ብጨቀጭቃት፣ ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሲውል ማየት ደከመኝ፣ ሲስቅ ያየሁት ይህን ሰው ካገኘ ወዲህ ነው አለችኝ። ሲቆርጡ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የእንሰት ግንድ ሲወድቅ ውሃ እንደጠጣ ጆንያ ዷ ይላል። እሱን እየሰማች ዋለች።

ከዚያ በኋላ ስመጣ ቤቱ ይቀድመኝ ጀመር። ለፋሲካ ስመጣ በሩ ጋ ሳልደርስ ጣሪያው ታየኝ። ክረምት ላይ መታጠፊያው ጋ ሆኜ ግድግዳውን አየሁት። በመጣሁ ቁጥር ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ መሄድ ለመድኩ፤ ቀና ለማለት እፈራ ነበር። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ አገር ሲያማርር እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወንድሜ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት ይውላል፤ ይህ የአንበሶች ፈተና ነው ይላል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሰውየውም ተመለሰ፤ የተደገፈው መኪና ሌላ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ የደጁ እንሰት ተሸጠ፣ እናቴ ገና ነው ያለቻቸው ሳይቀሩ።

በዓመቱ የበልጉ ዝናብ ቀረ። አክስቴ አርጅታለች፣ ቢሆንም እንደ ድሮው ከሁምቦ ተነስታ መጣች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ እኛ በኩል አየች፤ ቤቱ ራቁቱን ቆሟል። የማን ነው ብላ ባለወፍጮውን ጠየቀችው፣ ነገራት። ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ በመጣችበት ተመለሰች። ይህን ለእናቴ የነገራት ራሱ ባለወፍጮው ነው።

“ርቧት መጥታ ለእኔ አዝና ተመለሰች” አለችኝ እናቴ።

ወንድሜ ያኔ ደረጃ ሦስትን ጨርሶ ሶዶ ቤት ተከራይቶ ነበር። ሄጄ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ እንባው ሲመጣ አየሁ፣ ለአፍታ የድሮው ወንድሜ የተመለሰ መሰለኝ። ቀና ብሎ፣ እናቴን እክሳታለሁ፣ ከእንግዲህ ከፋዩ እኔ ሳልሆን ሌላው ነው አለኝ። ሌላው ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን አንስቶ ወጣ።

መልሱን ያገኘሁት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ ባልደረባዬ ይህ ወንድምሽ አይደለም ወይ ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ነጭ ሙሉ ልብስ ትከሻው ላይ ሰፍቶበት፣ አንድ ሆቴል ደጅ የቆመ የሰው መኪና ተደግፎ ያወራል። በራችሁ ላይ ቁሙ፣ ዙሪያችሁን ተመልከቱ ይላል፣ ቃል በቃል። ያኛው ሰውዬ የሚያወራው በአማርኛ ነበር፤ ብዙው የገጠር ሰው ግማሹን ሳይሰማው ያልፋል። ወንድሜ የሚያወራው በወላይትኛ ነው፣ በእናታችን አፍ፣ እያባበለ። ሕፃን እንኳ ይገባዋል። ከቪዲዮው ሥር መጀመሪያ የጻፈው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ ዝግጁ ነኝ ይላል።

በሚቀጥለው ወደ እናቴ ስሄድ ከሚኒባሱ ወርጄ ቀና አልኩ። የእኛ ቤት እንደለመድኩት ታየኝ። ከጎኑ አንድ ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፤ እድሜ ልኬን በዚህ መንገድ ተመላልሼ አይቼው የማላውቅ ጣሪያ። ባለወፍጮው ሰላም ሲለኝ አልመለስኩለትም፤ በፍጥነት አለፍኩ።

እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ሰላምም ሳትለኝ በእጇ እንሰቱ ወደተቆረጠው ጎረቤት አመለከተችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“በራቸው ከዚህ ይታያል” አለችኝ።