ከቢጫዎቹ ኋላ በአንድ ምሰሶ ርቀት

በብስክሌት ወደ ሞጣ በሄድንበት ዕለት ጠዋት ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ የተገናኘነው ስድስት ነበርን። ስም መጻፍ አልፈልግም፤ ግን አንድም ሰው እንዳይቀር በየሥራችን ልቁጠረን። አንደኛ የክለቡ ሰብሳቢ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር። ሁለተኛ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ ከመካከላችን ብቸኛዋ ሴት። ሦስተኛ ልብስ ሰፊው፤ ማልያዎቹን የሰፋው እሱ ነው። አራተኛ የባንክ ሠራተኛው፣ ገና ሳንነሣ ስለ ምሳ የሚያወራው። አምስተኛ እኔ፣ ብስክሌትና ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የክለቡ ጸሐፊ። ስድስተኛ ባለ ወፍጮው ጋሼ። እሳቸውን መጨረሻ ላይ የጻፍኳቸው በዕድሜ ስለሚያንሱ አይደለም፤ ሁላችንንም ይበልጡናል። የዚያን ቀን መጨረሻ ላይ የሄዱት እሳቸው ስለ ሆኑ ነው።

የልብሱ ነገር የተጀመረው ከደጀን ጉዞ በኋላ ነው። አንዳችን በሹራብ፣ አንዳችን በኮት፣ ልብስ ሰፊው የሥራ ሽርጡን ወገቡ ላይ እንደ ቋጠረ ደጀን ስንደርስ፣ አንድ የከባድ መኪና ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ገበያው እኮ ነገ ነው!» ብሎን አለፈ። እኛ ሳቅን። ሰብሳቢው አልሳቀም። በሳምንቱ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ስብሰባ ጠራ።

ያለው ነገር ትክክል ነበር፤ ዛሬም ስህተት ነው አልልም። አንድ ዓይነት ልብስ ከለበስን ሹፌሮች ከሩቅ ያዩናል አለ። ሰው እንደ ቡድን ይቆጥረናል፣ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ፎቶ ስንወስድለት በቁም ነገር ያየናል። የባንክ ሠራተኛው ተስማማ። ልብስ ሰፊው ቢጫ ጨርቅ አለኝ፣ ለሁላችሁም ይበቃል አለ። ነርሷ ብቻ ነበረች የምታመነታው። ብርድ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሌላም ችግር ያለበት ሰው ሊኖር ስለሚችል «በቂ ምክንያት ካለው በቀር» የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ ይግባ አለች።

እንዳይገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በቂ ምክንያት የሚባለውን ማን ይለካዋል፣ ነገ ሁሉም በቂ ምክንያት ይዞ ይመጣል ብዬ ተከራከርኩ። ልክ ያልሆነ ቃል ያስጨንቀኛል፤ ሥራዬም ይኸው ነው፤ ብሎን ወይ ይገባል ወይ አይገባም። እናም በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ተጻፈ፦ «በክለቡ ጉዞ ላይ ሁሉም አባል የክለቡን ማልያ ይለብሳል።»

ጋሼ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል መጡ። እናታቸው መጋቢት ላይ ስለ ሞቱባቸው ከል ለብሰው ነበር፤ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ። ወፍጮ ቤት ስለሚውሉ ወደ ማታ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። የዚያን ቀንም ትከሻቸው ላይ የበቆሎ ዱቄት ነበር። ደንቡን አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ። ሲፈርሙ ማናችንም ስለ ከላቸው አላነሣንም። እኔ ግን አስቤው ነበር። ጸሐፊ ነኝና፣ «ሁሉም» የሚለው ቃል ጥቁር ልብሳቸው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ደብተሩን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከለቅሶው በኋላ ጋሼ ከወፍጮ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም። እሑድ እሑድ ግን ከእኛ ጋር ይወጣሉ። አንድ ቀን የብስክሌታቸውን ካቴና ሳጠብቅላቸው ምክንያቱን ነገሩኝ። ቤት ውስጥ የእናታቸው ድምፅ ከጆሯቸው አይጠፋም፤ ወፍጮው ሲጮህም ከሥሩ ይሰማቸዋል። «ብስክሌት ላይ ስሆን ነው ትንሽ የሚለቀኝ» አሉ። ስለዚህ ለእኛ ማልያ የነበረው ነገር ለእሳቸው በሳምንት አንድ ቀን የሚተነፍሱበት ጉዳይ ነበር። ይህን ከክለቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ማልያዎቹ ሲደርሱ ሰብሳቢው፣ ልብስ ሰፊውና እኔ የጋሼን ይዘን ቤታቸው ሄድን። የሰብሳቢው ሐሳብ ደግ ነበር፤ ስምንት ወር አልፏል፣ አዲስ ልብስ ይዘን «ይብቃዎ» ብንላቸው ይበቃቸዋል የሚል። ነርሷ፣ ከል የሚያስወልቁት ዘመድና ሽማግሌ እንጂ ማልያ የያዙ ልጆች አይደሉም ብላ እንደማትሄድ አስቀድማ ነግራን ነበር። አልሰማናትም።

የተቀበሉን ታላቅ እህታቸው ናቸው። ሊያጽናኑ የመጡ ናቸው ብለው መሰለኝ፣ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ከጋሼ ጎን አስቀመጡን፣ ጠላ ቀዱልን። ሰብሳቢው የያዘውን ፌስታል ወደ እግሩ ሥር ገፋው። ስለ አዝመራው ተወራ፤ ስለ ወፍጮው ተወራ። ሁለተኛው ጠላ አለቀ። ከዚያ እህትየው ፌስታሉን አዩት።

«ምንድን ነው እሱ የደበቅከው ልጄ?»

ሰብሳቢው መልስ ሲፈልግ ልብስ ሰፊው ቀደመው። «ልብስ ነው እማማ። ለጋሼ።»

አወጡት። በዚያ ጨለምለም ባለ ቤት ውስጥ ቢጫው በጣም ቢጫ ነበር። በሁለት እጃቸው ዘርግተው አዩት፤ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን።

«ለካስ ከል ልታስወልቁ ኖሯል የመጣችሁት። መች ጢማችሁ በቀለና!»

«ሰብሳቢያችን ትንሽ አለው» አለ ልብስ ሰፊው።

ጋሼ ሳቁ። ከመጋቢት ወዲህ ሲስቁ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። እህታቸውን «አትቆጫቸው፣ ልጆቹ የመጡት ስለ ብስክሌት ነው» አሏቸውና ማልያውን ተቀብለው በስፌቱ በኩል አጣጥፈው ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት። ሙት ዓመቷ ሲያልፍ እለብሰዋለሁ አሉ። ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ የሞጣው ጉዞ ግን በዚህ በኅዳር መሆኑን አስታወሳቸው። አውቃለሁ አሉ።

ስንመለስ ሰብሳቢው መንገድ ላይ ቆመና ወደ እኔ ዞረ። «ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ። ምን ይላል?»

«ሁሉም ይላል» አልኩ።

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። እሑድ ለእሳቸው ምን እንደሆነ መናገር እችል ነበር። እንደ ምስጢር የነገሩኝ መሰለኝ፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ደንቡንም እወደው ነበር። ከሦስቱ የትኛው አፌን እንደያዘው አሁን መለየት አልችልም።

የጉዞው ጠዋት ብርድ ነበር። እኔ ለነርሷ የኋላ ጎማ እየነፋሁ ነበር፤ ጀርባዬ ለሌሎቹ ነበር። ጋሼ ሲመጡ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ እንደምን አደራችሁ አሉ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ የባንክ ሠራተኛውና ልብስ ሰፊው የቆሙበት ላይ የሆነ ንግግር ነበር፤ አጭር፣ ቀስ ያለ። መንፊያው እየጮኸብኝ ቃሉን አልሰማሁም። ስነሣ ጋሼ በጥቁር ልብሳቸው ብስክሌታቸውን ወደ ኋላ እያዞሩ ነበር።

«እናንተ ቅደሙ» አሉ። «እኔም በመንገዱ እሄዳለሁ።»

አምስታችን በቢጫ ተነሣን። መጀመሪያ ላይ የሚደርሱብን መስሎኝ ነበር። አልደረሱብንም፤ አልራቁንምም። በመብራት ምሰሶ ለካሁት፤ እኛ አንዱን ስናልፍ እሳቸው የኋላውን ያልፋሉ። ስንፈጥን ይፈጥናሉ፣ ስንቀዘቅዝ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ምሰሶ። ደብረ ወርቅ ሻይ ስንጠጣ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጡ። ነርሷ ብርጭቆዋን ይዛ ተሻግራ አጠገባቸው ጠጣች። እኛ አራታችን ከዚህ ማዶ ሆነን ስለ ጎማ አወራን።

ከደብረ ወርቅ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ተጠጋግቶ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ባለው ጀርባ ይከለላል፣ ብቻውን የሚሄድ ግን ሙሉውን ይቀበላል። በየተራ እየመራን ተከላለልን። ጋሼ አንድ ምሰሶ ወደ ኋላ ሆነው ሙሉውን ተቀበሉ። ከሁላችንም የሚከብደው ብስክሌት ደግሞ የእሳቸው ነው።

መንገድ ዳር ጤፍ ያጭዱ ከነበሩት አንዱ ማጭዱን ይዞ ቀና አለ።

«እናንተ ቢጫዎች! አባታችሁን ጥላችሁ ወዴት ነው?»

አጠገቡ ያለው ቀና አላለም፤ ከጤፉ ውስጥ ነው የመለሰለት። «ውርሱን ተካፍለው ይሆናላ።»

አጫጆቹ ሳቁ። ከእኛ የሳቀ የለም። የባንክ ሠራተኛው ስለ ምሳ ማውራቱን አቆመ።

ሞጣ ከመድረሳችን በፊት ባለው ዳገት ላይ ሆን ብዬ ቀረሁ። ጋሼ ሲደርሱብኝ ጎን ለጎን ሆንን። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ የዱቄቱ አይደለም።

«ጋሼ፣ ይጠጉ። ነፋሱን እኛ እንያዝልዎ።»

«ፎቶው ይበላሻል።»

«አሁን ፎቶ የሚያነሣ የለም።»

ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «አንድ ዓይነት ሆናችሁ ስትሄዱ ደስ ትላላችሁ» አሉ። «ከኋላ ሆኜ ሳያችሁ ነው የገባኝ። ልብሱ ጥሩ ነው።»

ለማሽሟጠጥ አልነበረም። እሳቸው እንዲያ አያውቁም። ቢያሽሟጥጡ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለው፣ «ሂድ፣ ተቀላቀል፣ ጸሐፊ ሆነህ ደንብ አትጣስ» አሉኝ። ይህን እንኳ ፈገግ ብለው ነው ያሉት። ሄጄ ተቀላቀልኩ።

ሞጣ መግቢያ ላይ የሞጣ ብስክሌተኞች ቆመው ጠበቁን። አንድም ተመሳሳይ ልብስ የላቸውም። የሚመሯቸው በከተማው ለረጅም ዘመን የኖረ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ሰው፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሰብሳቢያችን ወርዶ እጁን ሲዘረጋ ሰላም አሉት፤ ዓይናቸው ግን በትከሻው ላይ አልፎ ሄደ። ብስክሌታቸውን ለአንዱ ልጅ ሰጥተው ጋሼ ወደ ቆሙበት በእግራቸው ሄዱ። አንድ ምሰሶ ያህል መንገድ።

«ያጽናዎት» ሲሉ ሰማሁ። «ማንን አጡ?»

«እናቴን።»

«በዚህ ሐዘን ላይ ይህን ሁሉ መንገድ ብቻዎን መጡ?»

ጋሼ ወደ እኛ አመለከቱ። «ከልጆቹ ጋር ነኝ» አሉ።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩን። መሪውን ከጋሼ እጅ ተቀብለው ብስክሌቱን እየገፉላቸው መጡ።

ከዚያ ፎቶ ተነሣን። ስልኩን የያዙት ጋሼ ናቸው፤ ራሳቸው «ስጡኝ» አሉ። ስለዚህ በፎቶው ላይ አምስት ቢጫዎች አሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ከመስመር ያልወጡ። ሰብሳቢው አሳትሞ ለስፖርት ጽሕፈት ቤት ወሰደው፤ ወደዱት። ጋሼ ጉልበታቸው እንደ ደከመ ተናግረው ብስክሌታቸውን አውቶቡስ ላይ አስጭነው ወደ ቢቸና ተመለሱ። በቀጣዩ እሑድ አልመጡም። በሚከተለውም። መጋቢት መጣ፣ ሙት ዓመቱ ተደገሰ፣ ሁላችንም ሄደን በላን፤ ከላቸውን አወለቁ። ማልያው ግን ሣጥኑ ላይ እንደ ተጣጠፈ ነበር፤ ስፌቱ በዚያው በኩል።

እኔ በኋላ ደንቡን አስተካከልኩ። «በቂ ምክንያት ካለው በቀር» የሚለውን የነርሷን ቃል አስገባሁ፤ ሁሉም ፈረሙ። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ቃሉ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም መምጣት ትቷል። ከዚያ ሰብሳቢው ተዛወረ፣ ነርሷም ወደ አገሯ ሄደች። መንገዱም እንደ ድሮው በብስክሌት የሚኬድበት አልሆነም። ክለቡ ማንም ሳይዘጋው ቀረ። የእኔን ማልያ የብስክሌት ዘይት እጠርግበታለሁ፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አያልቅም።

ባለፈው ጤፍ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ከኋላ ይምጡ ያላቸው ሰው ነበር ወይስ ራሳቸው ናቸው የወሰኑት? ወፍጮውን አጠፉልኝ፤ በደንብ ሊሰሙኝ። ከሰሙ በኋላ፣ «ማንስ ቢል ምን ይለወጣል?» ብለው መልሰው አስነሡት።

ለእኔ ይለወጣል። ያላቸው ሰው ካለ ጥፋቱ ለአራት ይካፈላል። ማንም ምንም ካላለ ግን፣ ከኋላ ያስቀራቸው የእኔ አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ የዚያን ጠዋት አጠገባቸው የነበራችሁ ሦስታችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ የተባለውን እንደ ተባለ ጻፉልኝ። ምሰሶውንም አርሙኝ፤ እኔ ከፊት ሆኜ እየዞርኩ ነው የለካሁት፣ ምናልባት ርቀቱ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ነርሷ ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ስትጠጣ ጋሼ ምን እንዳሏት ታስታውስ ይሆናል። ከሞጣዎቹም አንዱ በስልኩ ያነሣው ፎቶ ካለው፣ ሽማግሌው ብስክሌቱን እየገፉ፣ ጋሼ በጥቁር ልብሳቸው ከጎናቸው ሲመጡ የሚያሳይ፣ ይላክልኝ። እኛ ዘንድ ባለው ፎቶ ላይ ያለው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ የሄድነው ግን ስድስት ነን።