ከመሬት የሚለቅ እግር

ኤብላ ማሃድ የአውሮፕላን እግር ትሠራለች ሲባል የሳቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ወንደሰን እባላለሁ፤ በያጅ ነኝ። አያቴ በወታደርነት ጂጂጋ ገብቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ከብረት ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ታግያለሁ። በርና መስኮት፣ ለጭነት መኪና የጎን መከለያ ስፖንዳ፣ ለውሃ ማመላለሻ ቦቴ እንሠራለን። ኤብላ በ2013 ዓ.ም. ከደምበል ወረዳ መጥታ ስትቀጠር ሀያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሥራዋ እኛ የምንበይደውን በኮምፒውተር መሳል ነው። ከእሷ በፊት ሥዕል ማለት ለኛ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ማስመር ነበር።

ልጅቷ አንገቷን አትደፋም። «ይሄ ማጠፊያ ሁለት ሳንቲም ወጥቷል፣ አዴር» ትለኛለች፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አጎቷ ተብዬ ስለካው እውነትም ሁለት ሳንቲም ወጥቷል። ያበሽቃል።

በ2016 አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለትናንሽ አውሮፕላኖች ዕቃ የሚነድፍ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ዲግሪ አልጠየቀም፤ ፈተና ግን ነበረው። የአውሮፕላን እግር ከነጎማው በስሪዲ ሶፍትዌር ተሠርቶ፣ ታጥፎ ክንፉ ውስጥ ካለው ጉድጓድ መግባት አለበት። የጉድጓዱ ልክ ተሰጥቷል፤ እሱን መንካት ክልክል ነው። የተሰጠው ጊዜ አሥር ቀን ነበር።

የወርክሾፑ ባለቤት አቶ ባስልዮስ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቦቴ እየሳልሽ አውሮፕላን? ሽቅብ ስታዪ ቦይ ውስጥ እንዳትገቢ!»

«በማን አንሼ?» አለችና ወደ ላፕቶፗ ዞረች።

የምትሠራው በምሳ ሰዓት ነበር። የላፕቶፗ ባትሪ ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። እኛ መበየድ ስንጀምር ደግሞ የግቢው መብራት ይርገበገብና ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ስለዚህ እኛ እጃችንን ለምሳ ስንታጠብ እሷ ትጀምራለች። ቱቦ በቱቦ ውስጥ፣ ከስሩ ሹካ፣ ከሹካው ጎማ፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን እግሩ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። መሳቄን ያቆምኩት ያኔ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠየቀችኝ። «አዴር፣ ቱቦው ውስጥ ያለው እንደ መኪና ሾክ አብዞርበር የሚወርድና የሚወጣ ነው። ርዝመቱን የቱ ጋ ልያዘው?»

ደረቴን ነፋሁ። «ሁልጊዜ ጭነት ላይ ለኪ!» አልኳት። ይሄ የኛ ግቢ ሕግ ነው። ባዶ መኪና ላይ ለክቶ የጭቃ መከላከያ የበየደ ሰው፣ መኪናው ሲጫን ጎማው እየተፋቀ በማግስቱ ይሰደብበታል። ከሶማሌላንድ ድንበር ከቶጎ ውጫሌ ባዶውን የሚመጣ መኪና ደግሞ ሞቶ የሚጎተት ብቻ ነው። ኤብላ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ጭነት ላይ ያለውን ልክ ያዘች። እግሩ ታጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ጥንቅቅ ብሎ ገባ፤ አራት ሳንቲም ሁሉ ተረፈ። በአሥረኛው ቀን ላከችው።

ከሳምንት በኋላ በምሳ ሰዓት ከድርጅቱ በቪዲዮ ደወሉላት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኢንጂነር ሶሲና የምትባል ሴትና ኃላፊው አቶ ሀብተየስ።

ኢንጂነሯ ጠየቀች። «አውሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ እግሩ ምን ይሆናል?»

ኤብላ ወደ ስክሪኗ ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ክብደቱ ይለቀዋል… ይረዝማል» አለች።

«በስንት?»

«በአሥራ ስድስት ሳንቲም።»

«የተረፈሽ ቦታስ?»

«አራት።»

ያኔ ገባኝ። መኪና መቼም ከመሬት አይለቅም። አውሮፕላን ግን እግሩን የሚያጥፈው በአየር ላይ፣ ተንጠልጥሎ፣ በረዘመበት ሰዓት ነው። ይሄን ሕፃን ልጅ ቢጠየቅ ይመልሰዋል፤ እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት መሬት ሳይ ኖሬ አልታየኝም።

አቶ ሀብተየስ ፈገግ አለ። «የጋራዥ ሥራ ነው፣ እህቴ። አይሱዙ ክንፍ የለውም።»

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች ኤብላ። «ጋራዡ ግን አያሳፍረኝም። አስተካክዬ ነገ እልካለሁ።»

«ጊዜው አልቋል» አለች ኢንጂነሯ።

«ባትቀበሉትም እልከዋለሁ።»

ስትወጣ መሬት መሬት እያየሁ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «የነገሩኝ ስለ መኪና ነው፣ አዴር። ስለ መኪና ትክክል ነዎት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለመካስ ብዬ «ጉድጓዱን ትንሽ ብታሰፊውስ?» አልኩ፤ በያጅ ምን ጊዜም መቁረጥ ነው የሚታየው። «ክንፉ የእነሱ ነው። እግሩ ግን የኔ ነው፤ እግሩን አሳጥረዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት የምሳ ሰዓት እንደማይበቃት አወቅሁ። መብራቱ እንዳይርገበገብባት የያዝኩትን መበየጃ አስቀመጥኩ። ሌላው በያጅ ጓደኛዬ ዐብዲናስርም አየኝና የእሱን አስቀመጠ። አቶ ባስልዮስ እየጮኸ መጣ፤ ያን ቀን የሚረከብ በር ነበር። «ዛሬ ካልበየድክ ነገ እንዳትመጣ!» አለኝ።

«እንግዲያው ነገ አልመጣም» አልኩት።

ኤብላ ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም። አንድ አጭር ክንድ ጨመረች። እግሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ክንዱ የታችኛውን ቱቦ እየጎተተ ላይኛው ውስጥ ይከተዋል። ሰው ዝቅተኛ በር ሲገባ ጉልበቱን እንደሚሰበስብ፣ እግሩም እየታጠፈ ያጥራል። አሥር ሰዓት ላይ ላከችው።

አቶ ባስልዮስ ዛተ እንጂ አላባረረኝም፤ በሦስተኛው ቀን ሲደወል እዚያው ግቢ ነበርኩ። አቶ ሀብተየስ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ማን ሠራልሽ? እውነቱን ንገሪን።»

ደሜ ፈላ። ገብቼ ልሳደብ ስል ኤብላ በእጇ ከለከለችኝ።

«ዋላሂ፣ ማንም አልሠራልኝም» አለች። «ልኩን ቀይሩት። ጉድጓዱን እንዳሻችሁ አሳጥሩትና እያያችሁኝ ልሥራ።»

«ሦስት ሳንቲም ቀንሺ» አለች ኢንጂነር ሶሲና።

ኤብላ ስክሪኗን ከፍታ አሳየቻቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ያ ሲጮህብኝ የነበረው ባስልዮስ እንኳ ማንም ማሽን እንዳይነካ ማብሪያው አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሰው እንዲህ ነው። ክንዱን አረዘመች፤ ማያያዣውን ቦታ ቀየረች፤ አንዴ ጎማው የክንፉን ሽፋን ወጋ፤ መለሰችው፤ እንደገና አጠፈችው። ገባ። አወጣችው፤ አጠፈችው፤ ገባ።

«ይበቃል፣ ገብቷል» አለች ኢንጂነሯ። ድምጿ ተለውጧል። «ኤብላ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከኛ ጋር ትሠሪያለሽ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ኤብላ ግን አልሳቀችም።

«መጀመሪያ አቶ ሀብተየስ ይቅርታ ይጠይቁኝ» አለች።

አቶ ባስልዮስ ከጀርባ በሁለት እጁ «እሺ በይ! እሺ በይ!» እያለ ይማጸናታል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እንዲህ ያለ እንጀራ በሰው እጅ ስንቴ ይመጣል? እሷ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ጠበቀች። የመጣው ይምጣ ያለ ሰው ፊት ነበር። አቶ ሀብተየስ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«ይቅርታ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወይዘሪት ኤብላ።»

«እሺ» አለች። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምገባው?»