በአማቱ ስም የተጠራችው አሞናይት

ሰፈርተኛው «ቀንድ አውጣው» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት መታጠፊያው ላይ ያለችው ባለሱቅ ናት። አንድ ጠዋት ሳሙና ሊገዛ ገብቶ ኪሱን ሲዳብስ፣ ከሳንቲሙ ጋር አንድ የተጠቀለለ ድንጋይ ባንኮኒው ላይ ዱብ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«አሞናይት ነው። ድሮ ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ቅሪት። የኦክቶፐስ ዘመድ ነው፤ ግን ቤቱን ተሸክሞ ነበር የሚዋኘው። ዘሩ ከጠፋ ቆይቷል።»

«ቀንድ አውጣ ነዋ።»

«አይ፣ ቀንድ አውጣ እንኳ አይደለም። የቀንድ አውጣ ቤት ውስጡ አንድ ወጥ ነው፤ የዚህ ግን በግድግዳ በግድግዳ ተከፋፍሎ…»

«እሺ ቀንድ አውጣው፣ ሳሙናው የትኛው ይሁንልህ?»

በቃ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ያንን ሁሉ ዓመት ተምሮ ያገኘው ማዕረግ ከሳሙና ጋር ተጠቅልሎ ወጣ።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ሐኪም እንዲሆንላቸው ተመኝተው፣ ዶክተር መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ የምን ዶክተር መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። አንድ ጊዜ የሥራ ቦታውን ሊያዩ መጡ። በሚሠራበት ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ የማይገባበት፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያይ፣ ቧንቧው ቀን ከሌት ጠብ ጠብ የሚል ክፍል ነው። ግድግዳውን ሞልተው የቆሙት ቁም ሳጥኖች መሳቢያቸው በሙሉ ድንጋይ ነው። አንዱን አሞናይት አንስቶ፣ በክፍልና በክፍል መካከል ያለውን የተጠማዘዘ መስመር አሳያቸው። «ይሄን ስፌት ነው የምንለው። ዝርያ ከዝርያ የምንለየው አንድም በዚህ ነው» አላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉና መለሱለት።

የቀንድ አውጣው ሥራ መመደብ ነበር። አሁን ጫፋቸው ላይ ንፋስ የሚያፏጭባቸው ተራሮች በዘመናቸው የባሕር ወለል ነበሩ። ክረምቱ ሲያልፍ መዶሻና ጆንያ ይዞ ይወጣል፤ የኖራ ድንጋዩን ንብር በንብር እየፈለጠ ይሞላል፤ ይመለሳል። የቀረውን ዓመት ያጥባል፣ በመርፌ ይፍቃል፣ በአጉሊ መነጽር ያያል። ጥቅልሉ ጠበቅ ያለ ነው ወይስ ልል? ቅርፊቱ ላይ የተሰለፈው ጎድን ስንት ነው? ጎድኑ ለሁለት የሚከፈለው የት ጋ ነው? ስፌቱስ? ከዚያ ይሄ የእነዚያ ወገን ነው፣ ይሄ ደግሞ የእነዚህ እያለ በየመሳቢያው ያስገባል። ለሚስቱ ሲያስረዳ «እንደ ካልሲ ማጣመድ ነው» ይላታል። ቤት ውስጥ ግን የራሱን ካልሲ አጣምዶ አያውቅም።

የሚስቱ እናት እንደ ብዙ አማት ሁሉ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ዶክተር» የሚለውን ቃል ግን ወደዱት። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄን ያገባት ዶክተር ነው» ብለው አወሩ። የምን ዶክተር ሲባሉ ትንሽ አሰብ አደረጉና «የድንጋይ» አሉ። በሳምንቱ አንድ ጎረቤታቸው በኩላሊት ጠጠር ተይዘው፣ ወገባቸውን ጨብጠው የቀንድ አውጣውን ደጃፍ አንኳኩ። እስኪያስረዳቸው ድረስ ሰውየው ሸሚዛቸውን ገልጠው ነበር። አማቱ ይሄን ሲሰሙ የተቆጡት እሱን ነው።

«ከመለስካቸው አይቀር፣ ምናለ ዳሰስ እንኳ ብታደርጋቸው?»

ከዚያ ወዲያ እነሱ ቤት ሲሄድ የሚሰጠው መቀመጫ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ሆነች።

ዘመኑ እንዲህ እያለ ሲሄድ፣ አንድ ዓመት ከተራሮቹ ታናናሽ አሞናይቶች ይዞ መጣ። መዳፍ የማይሞሉ፣ ጎድናቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ። ከየትኛውም መሳቢያ ጋር አልገጥም አሉት። የክፍሎቻቸው ግድግዳም መጨረሻው ላይ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ይሄ ደግሞ እንስሳው ማደጉን ማቆሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። ስለዚህ ግልገል አይደሉም፣ ያደጉ ትናንሾች ናቸው ብሎ ደመደመ። አዲስ ዝርያ። አዲስ ዝርያ ያገኘ ስም ያወጣል።

«በእማዬ ስም አድርጋት» አለችው ሚስቱ፣ ሽንኩርት እየከተፈች። «ምናልባት ዱካዋን ትቀይርልህ ይሆናል።»

አደረጋት። ፎቶውን አስነስቶ፣ በመስታወት ክፈፍ አስገብቶ ወሰደላቸው። አማቱ ፎቶውን ከራቅም ከቀረብም አዩት።

«ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ናት፤ ግን ጥሩ ጎድን አላት» አለ ቀንድ አውጣው።

«መቼ ነው የኖረችው?»

«ከመቶ ስድሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት።»

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀህ!» አሉ። ፎቶውን ግን ከሟች ባለቤታቸው ፎቶ ጎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀሉት። ቀንድ አውጣው ከዱካ ተነስቶ የሟች የነበረው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አንተ» መባሉ ቀርቶ «ልጄ» ተባለ። ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ለውሃ ክፍያ ሲሰለፉ፣ ከፊታቸው ላለው ሰው «በስሜ የተጠራ እንስሳ አለ፤ ባሕር ውስጥ» ይሉታል። ሞቷል ብለው ግን አይጨምሩም።

እንዲህ ተከብሮ ኖረ፤ በሩ እስኪበላሽ ድረስ።

ከእነዚያው ተራሮች የሚገኝ ሌላ አሞናይት አለ። ትልቅ ነው፣ ሳህን ያህላል፤ ጎድኑ ጥቂትና ወፍራም ነው። የቀንድ አውጣው አያት ሳይወለዱ በፊት የነበረ አንድ ተመራማሪ «ወፍራሙ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥቶለታል። ከመብዛቱ የተነሳ የሚደነቅበት ሰው የለም፤ የሥራ ክፍሉን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የሚይዘው እንኳ ከወፍራሞቹ አንዱ ነበር። የበሩ ማጠፊያ ሲንጋደድ አናጢ ተጠራ። አናጢው ድንጋዩን ከመንገዱ ላይ ላንሳ ሲል ክብደቱን አልገመተውም፤ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ማስቲሽ አለኝ» አለ አናጢው።

ቀንድ አውጣው ጎንበስ ብሎ ከወፍራሙ መሃል ተፈልቅቆ የወጣውን እምብርት አነሳ። መዳፍ አይሞላም። ጎድኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው። አገላብጦ አየው። አማቱ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሞናይት ሲያድግ የልጅነት ቤቱን አያፈርስም፤ እሱኑ እየዞረ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሆኖም ልጅነቱ መሃሉ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። የወፍራሞቹ መሃል ግን ሁልጊዜ በደረቅ ድንጋይ የተደፈነ ስለነበር ማንም አይቶት አያውቅም። እሱም ቢሆን ለማየት አልደከመም፤ በር ማስያዣ አድርጎት ኖሯል።

አንድ ምስክር አይበቃም ብሎ ሌሎች ወፍራሞችን በመጋዝ አስቆረጠ። በእያንዳንዱ መሃል ያቺው ማበጠሪያ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ትንንሾች ግድግዳቸው የተጠቀጠቀው ማደግ ጨርሰው ሳይሆን፣ ታመው ወይም ተርበው ሳያድጉ በመሞታቸው ሳይሆን አይቀርም። በሙያው ሕግ ደግሞ አንድ እንስሳ ሁለት ስም ከተገኘበት ቀድሞ የወጣው ይጸናል፤ የኋላው ይወድቃል።

አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ የምትሠራ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ስለምታጠና «ባለ ክዳኗ» የሚሏት ባልደረባ አለችው። ነገራት።

«ማን አየ?» አለችው።

«አናጢው።»

«አናጢው ምን አለ?»

«ማስቲሽ አለኝ አለ።»

ባለ ክዳኗ አሰበችበት። «እኔ ብሆን እጽፈው ነበር» አለች፣ «ግን የኔ አማት ሞታለች።»

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ድንጋዩ ይሄን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ጠብቆ፣ እማዬ እስክታልፍ መጠበቅ ያቅተዋል?»

«ሌላ ሰው ቢደርስበትስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እያደር ነው የሚለው። ዛሬውኑ አላለም።»

እውነቷን ነው፤ ማንም አያስቸኩለውም ነበር። ለቀናት የማረሚያ ጽሑፉን እየጀመረ ተወው። በኋላ ግን ሁሉም ነገር ያስጠላው ጀመር። መሳቢያ በከፈተ ቁጥር ትንሿ ከወፍራሙ ተለይታ ተቀምጣ ያያታል፤ እጁ ሊያገናኛቸው ይሄዳል፤ ይመልሰዋል። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ መበላሸቱን ያወቀውን ስፌት ለሰው ማልበስ አልሆነለትም። ጻፈና፣ ከመታተሙ በፊት ራሱ ሊነግራቸው ሄደ።

ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«እማማ፣ ስለ ድንጋይዎ ነበር።»

«ምን ሆነች?»

«አድጋ ተገኘች።»

«እሰይ።»

«አድጋ… ሌላ ሆነች። ለካ እስከ ዛሬ ያየናት ልጅነቷን ኖሯል። ካደገች በኋላ ያላት ስም ቀድሞ የወጣ ስለሆነ፣ የርስዎ ይሰረዛል።»

አማቱ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «ማን የሚሉት ነው የሆነችው?»

«ወፍራሙ።»

«እኔ ወፍራሙ ሆንኩ?»

«የለም፣ እርስዎ የወፍራሙ ልጅነት ነዎት።»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነበር የምሰማው» አሉ ቀስ ብለው። «የኔው መቃብር ሳልገባ ወረደ። ማነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኝ።»

ይሄን ባይጠይቁት ይሻለው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ዱካዋ በሩ አጠገብ ተመልሳለች። እሱን በቀጥታ ማናገር ትተው፣ እዚያው ተቀምጦ ሾርባ እየጠጣ «ለባልሽ ጨው እንዳለ ንገሪው» ይላሉ። ዱካዋን ለምዷታል፤ አልከፋውም። ያስከፋው ፎቶው ከነበረበት ግድግዳ ላይ የቀረው ነጭ አራት ማዕዘን ነው። ቀና ባለ ቁጥር ያየዋል፤ ዓይኑን ወደ ሾርባው ይመልሳል።

ጽሑፉ ከታተመ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሙዚየሙ ጥበቃ ደወለለት። «አንዲት እናት እዚህ በር ላይ ቆመው፣ የተሰረዝኩበትን አሳዩኝ እያሉ ነው» አለው።

ለሠርግ የሚለብሱትን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ደረጃውን ደግፎ አወረዳቸው። መሳቢያውን ስቦ ትንሿን አሳያቸው። ጥግዋ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብታለች።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው? ወድቃለች ማለት ነው?»

«አይደለም። ስሙ መጀመሪያ የተሰጣት ድንጋይ እሷ ናት ማለት ነው። ስሙ ቢወድቅም እሷ አትጣልም፤ ሙዚየሙ እስካለ ድረስ እዚህ ናት።»

«ስሜንስ? ለሌላ ትሰጡታላችሁ?»

«አይቻልም። በዚህ ወገን ውስጥ ከእንግዲህ ማንም በዚያ ስም አይጠራም። ሕጉ ይከለክላል።»

አማቱ ይሄን ቀስ ብለው አላመጡት። ከቦርሳቸው መነጽር አውጥተው በዙሪያዋ ያሉትን ጎረቤቶቿን ማየት ጀመሩ። ቀይ ነጥብ ያላቸው ሌሎችም ነበሩ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የአንድ ጄኔራል።»

«ተሰርዟል?»

«ቆየ።»

«ይቺስ?»

«የአንድ ፕሮፌሰር ሚስት ነበሩ።»

«እሳቸውም?»

«ከርስዎ በፊት።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላም ሰው አለ እንግዲህ» አሉ። መሳቢያውን ራሳቸው ሊገፉት ሞከሩ፤ ከበዳቸው። «ግፋው ልጄ፤ ቀስ አድርገህ» አሉት።

የክሊኒኩ ወረፋ ላይ ወሬው በጥቂቱ ተለውጦ ቀጠለ። አሁን «ስሜን ማንም እንዳይወስደው በሕግ ተከልክሏል» ነው የሚሉት። ስለ ጽሑፉ ለቀንድ አውጣው ከውጭ የጻፈለት አንድ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ይሄን ገና መጀመሪያ ልታየው ይገባ ነበር ብሎ። ቀንድ አውጣውም ልክ ነህ ብሎ መለሰለት።

ዛሬም ተራራ ይወጣል፤ ትናንሽ ሲያገኝ ግን በመጀመሪያ ትልልቆቹን ያስቆርጣል። የሚስቱ አክስት ታሪኩን ሰምተው፣ በሳቸውም ስም አንድ ቢገኝ ደስ እንደሚላቸው በሚስቱ በኩል ልከውበታል። ለጊዜው ምንም የለም አላቸው። እየጠበቁ ነው።